«አቫውድ» ከመሐላ ጋር አይገናኝም

ወንድሜ፣ የእንግሊዝኛ ዜና ላይ «አቫውድ ኤቲስት» (avowed atheist) የሚል አግኝተህ «በአምላክ ላለማመን የማለ ማለት ነው?» ብለሃል። አይደለም። ያሳሳተህ ውስጡ ያለው «ቫው» (vow፣ መሐላ ወይም ስእለት) ነው። እኔም አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ቢሮ ትርጉም ስጀምር «የማለ» ብዬ ጽፌ፣ አለቃዬ ረቂቁ ዳር ላይ «ማን ፊት ነው የማለው?» ብለው በቀይ እስክሪብቶ መለሱልኝ።

«ቫው» ላቲን ላይ ከስእለት ይመዘዛል። «አቫው» ግን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣው «አድቮካሬ»፣ ማለትም መጥራት ከሚለው የላቲን ግስ ነው፤ የ«አድቮኬት» (ጠበቃ) ዘመድ መሆኑ ነው።

ዋናው ነገር ሰውየው ራሱ በአደባባይ «እኔ እንዲህ ነኝ» ማለቱ ነው። ደርግን አስበው። ታኅሣሥ 1967 ኅብረተሰባዊነትን አወጀ፤ ኋላም አፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት የሌኒንን ሐውልት አቆመ። «አቫውድ ማርክሲስት» ቢባል ማን ይከራከራል? ፒያሳ ካፌ ውስጥ በሹክሹክታ «ግራ ዘመም ነው» የሚባለው ጎረቤትህ ግን ራሱ አፉን ከፍቶ ካልተናገረ በቀር «አቫውድ» አይባልም።

ቃሉ ከስም በፊት ነው የሚገባው፤ «ሂ ኢዝ አቫውድ» ብለህ አትጨርስ። ከዓላማ ጋርም ይሄዳል፦ «አቫውድ ኤይም»፣ በይፋ የተነገረ ዓላማ።

ከ«ፕሮፌስድ» (professed) ጋር እንዳታምታታው። እሱ ብዙ ጊዜ ጥርጣሬ አለበት፤ የእኛ «ነኝ ባይ» ቁርጥ እሱን ነው። ለ«አቫውድ» እኔ «እምነቱን በግልጽ ያወጀ» እላለሁ፤ ቦታ ሲጠበኝ ደግሞ «የለየለት»፣ ምንም እንኳ ትንሽ ስድብ ስድብ ቢሸትም።