ኮሌኮ አዳም ልግዛ ወይ ላልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ “ኮሌኮ አዳም የሚባል የድሮ ኮምፒውተር ያለ ፕሪንተር በርካሽ አገኘሁ፤ በዘመኑ የከሰረ ዕቃ ነው እያሉ ያስፈራሩኛል፤ ልግዛው ወይስ ልተወው?” ብለህ ጠይቀሃል። ዕቃው እኔ ቤት ስላለ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

1. ያለ ፕሪንተር እንዳትነካው! የአዳም ፓወር ሳፕላይ ያለው ፕሪንተሩ ውስጥ ነው። ማብሪያ ማጥፊያውም እዚያው ከኋላው ነው። ፕሪንተሩ ከሌለ ኮምፒውተሩ አይነሳም፣ በቃ። ይህን የማይነግሩህ ሻጮች ሞልተዋል። እኔን ያቃጠለኝ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ አንድ ሱቅ ነው። “ሙሉ ነው ወይ?” ብዬ ጠየቅኩ። “ሙሉ ነው፣ ሞክረነዋል” አለኝ። ካርቶኑን ስከፍት ኪቦርዱና ዋናው ሳጥን ብቻ! ስደውልለት “ዛሬ ማን በሱ ያትማል? ፕሪንተሩ ምን ያደርግልሃል?” ብሎ አመናጨቀኝ። ታዲያ በምን አብርቶ ነው የሞከረው? ብሬን አልመለሰም። ፕሪንተሩን ለብቻ ፈልጌ ስገዛ፣ ከባድ ስለሆነ ማስላኪያው ብቻ ከኮምፒውተሩ ዋጋ በለጠ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

2. ፕሮግራምና ጽሑፍ የሚቀመጥበትን ካሴት፣ ማለትም ቴፑን፣ ውስጥ ትተህ አታብራ፣ አታጥፋም። ሲበራ የሚወጣው የኤሌክትሮማግኔት ግፊት ቴፑ ላይ ያለውን ሊያጠፋው ይችላል። አጠገቡ ያስቀመጥከውም ላይተርፍ ይችላል። አንዳንዶቹ የመጀመሪያ መመሪያዎች ደግሞ ጭራሽ ቴፑን አስገብታችሁ አብሩ ይሉ ነበር! ሥራውን በዚህ ያጣ ደንበኛ ለጎረቤቱ ምን ብሎ እንደሚያወራ አስበው።

3. ስሙን በተመለከተ፣ “የከሰረ” የሚሉህ አልዋሹም። ግን ለምን እንደከሰረ አይነግሩህም። ኮሌኮ የተባለው የአሜሪካ የአሻንጉሊትና የቪዲዮ ጌም ኩባንያ አዳምን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በጁን 1983 ቺካጎ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ፣ ፕሪንተሩ፣ የቴፕ ማጫወቻውና የጽሑፍ ፕሮግራሙ በአንድ ካርቶን፣ 600 ዶላር ገደማ ተባለ። ገበያ ላይ ሲውል 700 አለፈ። ለገና ይደርሳል የተባለው ዘግይቶ፣ ያውም በትንሹ መጣ። ከመጣውም ብዙው እየተበላሸ ተመለሰ። በዚያው ሰሞን ተፎካካሪው የቤት ኮምፒውተር ኮሞዶር 64 ወደ 200 ዶላር ወርዶ ነበር። የዋጋ ጦርነቱ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን የሚያህል ድርጅት እንኳ ከቤት ኮምፒውተር ገበያ አስወጥቶታል። ኮሌኮ በ1984 አዳም ለተገዛለት ልጅ የ500 ዶላር የትምህርት ድጋፍ እሰጣለሁ እስከማለት ደረሰ። አልሆነም። በጃንዋሪ 1985 እርግፍ አድርጎ ተወው።

እኔ ግን ሐሳቡ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። በዚያን ጊዜ እንደ ታይፕ ጥርት ያለ ፊደል የሚያትም ፕሪንተር ለብቻው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣ ነበር። ኮሌኮ ለአንድ ቤተሰብ የሚያስፈልገውን አንድ ላይ ሰጠ። ያጠፋው ሳይበስል ማውጣቱ ነው፤ ለዕቃ ስም ዋናው የመጀመሪያው ወር ነው። ዛሬ የኔን ሳበራው ያለ ምንም ቴፕ ቀጥታ ታይፕ ራይተር ሆኖ ይነሳል። ፊደል ስትነካ ፕሪንተሩ ውስጥ ፊደሎቹ ያሉበት መንኮራኩር ዞሮ ቀጭ ያደርጋታል። ጫጫታው ሌላ ክፍል ድረስ ይሰማል፤ ጽሑፉ ግን እንዴት ያምራል መሰለህ! ልጄ የትምህርት ቤት ሥራዋን በሱ ጽፋ ስትሰጥ አስተማሪዋ ከየት አመጣሽው አለቻት። እንዲህ የሚሠራ ዕቃ ቆሻሻ ነው ሲሉኝ አልወድም።

ስለዚህ ሻጭህን “ፕሪንተሩ ምድር ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ የለም ወይ?” ብለህ ጠይቀው። ከባድ ስለሆነ ለብቻው ያስቀምጡታል። ካገኘው ፊትህ ያብራው፣ አንድ መስመር ይጻፍልህ፣ ከዚያ ክፈል። እምቢ ካለ ጥለኸው ሂድ፤ ሌላ ይገኛል። ከገዛኸውና ሪበን (የፕሪንተሩ የቀለም ጥብጣብ) ከቸገረህ በውስጥ መስመር አናግረኝ፣ ትርፍ አለኝ።