ጥያቄና መልስ፦ የተመታውን ነው የሚለኩት

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ፈጣን አዮን (ኤሌክትሮን ያጣ አቶም) አቶምን ገጭቶ ሲያልፍ የሚያስተላልፈውን ሞመንተም (የመጠነ ቁስና የፍጥነት ብዜት) ለመለካት አቶሙን አስቀድሞ ማቀዝቀዝ እንደሚያስፈልግ አነበብሁ። የአዮኑን ፍጥነት ከግጭቱ በፊትና በኋላ ለክቶ ማቀናነስ ለምን አይበቃም?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ሐሳብዎ በመርሕ ደረጃ ትክክል ነው፤ የሚያስቸግረው የለውጡ ማነስ ነው። ለአብነት፣ በሰሜን ፈረንሳይ በካን ከተማ በሚገኘው ጋኒል በተባለው የአዮን ማፍጠኛ የተካሄደውንና ውጤቱ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመውን ሙከራ እንመልከት። ስድስቱንም ኤሌክትሮኖች ያጣ የካርቦን አዮን በሰከንድ ወደ 128,000 ኪሎ ሜትር እየተምዘገዘገ ከሂሊየም አቶም አንድ ኤሌክትሮን ነጥሎ ሲያልፍ፣ ሞመንተሙ የሚለወጠው ከሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ይህን ከአዮኑ ላይ ማንበብ የማይታሰብ በመሆኑ፣ ተመራማሪዎቹ ፊታቸውን ወደ ተመታው አቶም አዞሩ። ሞመንተም ስለማይጠፋ፣ አላፊው አዮን የሰጠው ሁሉ በተነጠለው ኤሌክትሮንና በቀረው የሂሊየም አዮን ላይ ተከፋፍሎ ይገኛል፤ የሁለቱ ድምር የተላለፈውን መጠን ይሰጣል።

ማቀዝቀዙ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሂሊየሙ ከግጭቱ የሚያገኘው ፍጥነት ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ300 ሜትር ብዙም የማይዘል ሲሆን፣ በክፍል ሙቀት ያለ የሂሊየም አቶም ግን ማንም ሳይነካው በሰከንድ ከ1,000 ሜትር በላይ በየአቅጣጫው ይሯሯጣል። ስለዚህ ጋዙ ከከፍተኛ ግፊት በጠባብ ቀዳዳ ወደ ባዶ ክፍል ይለቀቃል። አቶሞቹ ሲወጡ ፍጥነታቸው አይቀንስም፤ እንዲያውም ይጨምራል። ነገር ግን ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፣ በእኩል ፍጥነት ይጓዛሉ፤ ቅዝቃዜ ማለትም ይኸው የፍጥነት ልዩነት መጥፋት ነው። ለተማሪዎችዎ ቢነግሯቸው የሚወዱት ነጥብ ይመስለኛል። የጋራው ፍጥነት ስለሚታወቅ ከልኬቱ ይቀነሳል።

ከዚያ በኋላ ደካማ የኤሌክትሪክ መስክ የሂሊየሙን አዮን ወደ አንዱ ጎን፣ ኤሌክትሮኑን ወደ ሌላው ይስባል፤ መግነጢሳዊ መስክ ደግሞ ኤሌክትሮኑ እንዳያመልጥ እየጠመዘዘ ይመራዋል። ዳሳሾቹ ላይ ያረፉበት ቦታና የወሰደባቸው ጊዜ ሞመንተማቸውን በሦስቱም አቅጣጫዎች ያሳውቃል። ይህ ኮልትሪምስ የሚባለው ዘዴ በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ በእነ ሆርስት ሽሚት ቦኪንግ የጎለበተ ነው።

የ2003ቱ ልኬት አንዳንድ ኤሌክትሮኖች የግጭቱን ውጤት የሚተነብየው ቀመር በማይጠብቃቸው አቅጣጫ ሲወጡ አሳየና ከአሥር ዓመት በላይ አከራከረ። ገሚሱ ተመራማሪ ምክንያቱን በአላፊው የአዮን ጨረር የሞገድ ጠባይ ፈለገ፤ ሌላው ደግሞ እርስዎ የጠየቁትን፣ በሂሊየሙ ውስጥ የቀረውን የሙቀት እንቅስቃሴ ጠረጠረ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በፈጣን ፕሮቶኖች የተደረገ ጥራቱ የላቀ ልኬት ግን ከቀመሩ ጋር ተስማምቷል።