«ማስተማር የተሸናፊ ሥራ ነው ወይ?» ለአንዲት የፒያኖ ተማሪ የተሰጠ መልስ

ጥያቄውን የላከችልኝ ሜሪላንድ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ፒያኖ የምትማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። አሳጥሬ ላቅርበው። «ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ያመኛል። ረጅም ሰዓት ስለማመድ ይብስብኛል። መምህሬ ወደ ፒያኖ ማስተማር ዘርፍ ብቀይር እንደሚሻል ነገሩኝ። እናቴ ደግሞ ‹ነርሲንግ ብትገቢ ኖሮ ይኼኔ ሥራ ይዘሽ ነበር› ትለኛለች። እኔ ያለምኩት መድረክ ነው። ማስተማር መጫወት ያቃተው ሰው የሚገባበት ይመስለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት እጅሽ። እያመመሽ አትለማመጂ። ሐኪም አይደለሁምና ምን እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም፤ ግን ሙዚቀኞችን የሚያክሙ የእጅ ሐኪሞችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች አሉ። የዩኒቨርሲቲሽ ጤና ማዕከል እንዲልክሽ ጠይቂ። የመመረቂያ ኮንሰርትሽን አንድ ሴሚስተር ማስተላለፍ ነውር የለውም። ሥር የሰደደ የጅማት ሕመም ግን አንድ ሴሚስተር ጠብቆ አይሄድልሽም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ማስተማር «መጫወት ያቃተው ሰው የሚገባበት» ነው ላልሽው አንዲት አሜሪካዊት ፒያኒስት ልጥራልሽ፤ ኦልጋ ሳማሮፍ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ1880 ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ተወለደች። ያደገችው ጋልቨስተን ነው፤ የመጀመሪያ የፒያኖ አስተማሪዋም በወጣትነቷ በመድረክ ትጫወት የነበረች አያቷ ናት። ገና በልጅነቷ ወደ አውሮፓ ተላከች። የፓሪስ ኮንሰርቫቶዋር፣ የታወቀው የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ በፒያኖ ክፍሉ ከተቀበላቸው የመጀመሪያዎቹ አሜሪካዊያት አንዷ ሆነች፤ ከዚያም በርሊን ሄዳ ተማረች። በ1900 አንድ ሩሲያዊ መሐንዲስ አገባችና መድረኩን ተወችው። በዚያው ዓመት መስከረም የጋልቨስተን ማዕበል ከተማዋን ጠራርጎ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሲጨርስ የቤተሰቧም ንብረት አብሮ ሄደ። ትዳሩም ከአራት ዓመት አላለፈም። ወደ አሜሪካ ስትመለስ ከፒያኖዋ በቀር መተዳደሪያ አልነበራትም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ተማሪዎች ስለ «መድረክ» ሲያወሩ የሚዘሉት ይህንን ነውና። ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የታወቀ የኮንሰርት ወኪል፣ ሄንሪ ቮልፍሶን የሚባል፣ አነጋገረች። አውሮፓ ውስጥ ስም ያላወጣች አሜሪካዊት ፒያኒስት ቲኬት እንደማትሸጥ ነገራት፤ የትውልድ ስሟም ለማስታወቂያ እንደማይሆን። የትውልድ ስሟ ሉሲ ሂከንሉፐር ነበር። ከሩቅ ዘመድ የተወሰደ የሩሲያ ስም ተሰጣትና በጥር 1905 በካርኔጊ አዳራሽ «ኦልጋ ሳማሮፍ» ተብላ ቀረበች። አዳራሹን የተከራየችው በራሷ ገንዘብ ነው። ኦርኬስትራውንም መሪውን ዋልተር ዳምሮሽንም የከፈለችው እሷው ናት። ያኔም ቢሆን መድረክ ሰው ጠርቶ አያስቀምጥሽም ነበር። (አንቺ ስምሽን አትቀይሪ። የዛሬ ወላጆች የሐበሻ ስም መጥራት ይችላሉ፤ ካልቻሉም ይልመዱት።)

ተሳካላት። አሜሪካንና አውሮፓን እየዞረች ተጫወተች። በ1911 የኦርኬስትራ መሪውን ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪን አገባች። ወደ ሲንሲናቲ ኦርኬስትራ እንዲገባ ቀድማ የረዳችው እሷ ነበረች፤ ያኔ ከእሱ ይልቅ የምትታወቀው እሷ ናት። በ1920 ፊላደልፊያ ውስጥ 32ቱንም የቤትሆቨን ሶናታዎች፣ ማለትም ረጃጅም የፒያኖ ድርሰቶች፣ በተከታታይ ኮንሰርቶች ለሕዝብ ተጫወተች። ከእሷ በፊት ይህን የደፈሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ1923 ሲፋቱ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ ነበረቻት።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ሁለት ዓመታት ቅደም ተከተላቸውን ልብ በይ። በ1924 ኒው ዮርክ ላይ አዲስ የተከፈተው፣ ኋላ ጁሊያርድ የተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሪ እንድትሆን ጋበዛት። በ1925 ቤቷ ውስጥ ወድቃ ትከሻዋን ተጎዳች፤ የመድረክ ሥራዋም በዚያ አበቃ። ማስተማሩ ከአደጋው በፊት የመጣ ነው። የወደቀ ሰው የተጠጋበት ጥግ አይደለም፤ በሙሉ ጤናዋ፣ ስሟ ከፍ ባለበት ጊዜ የተቀበለችው ሥራ ነው። ስትወድቅ የቆመችበት መሬት ነበራት። አንቺ እየጠየቅሽኝ ያለሽው እጅሽ ጨርሶ ሳይጎዳ ስለሆነ ከብዙዎቹ ደብዳቤ ጻፊዎቼ የተሻለ ጊዜ ላይ ነሽ።

እሷም አንድ ሥራ ላይ ብቻ አልተቀመጠችም። እስከ 1928 ድረስ ለኒው ዮርክ ኢቪኒንግ ፖስት ጋዜጣ የሙዚቃ ሐያሲ ሆና ጻፈች። በፊላደልፊያ ኮንሰርቫቶሪም አስተማረች፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል እየተመላለሰች እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ። ሙዚቃ ተምሮ የማያውቅ ሰው ኮንሰርት እንዴት እንደሚያዳምጥ የሚማርበት ኮርስም ከፈተች። ይኼኛውን አትናቂው፤ ትልልቅ ሰዎችን ማስተማር ዛሬም ሰው ያልተሻማበት ገበያ ነው።

እንዴት እንደምታስተምር ደግሞ ለአንቺ ይበልጥ ይጠቅምሻል። እሷ ተጫውታ «እንዲህ አድርጉት» ማለት አትወድም ነበር። ተማሪው ኖታውን ራሱ አንብቦ፣ ራሱ ወስኖ፣ ለምን እንደዚያ እንደወሰነ ማስረዳት አለበት፤ የእሷ ግልባጭ ሆኖ የሚወጣ አትፈልግም። ለዚህም ይመስለኛል ተማሪዎቿ እርስ በርስ የማይመሳሰሉት። ዊልያም ካፔል ከዘመኑ አሜሪካዊ ፒያኒስቶች ግንባር ቀደም ሆነ። ሮዛሊን ቱሬክ ዕድሜዋን ለአቀናባሪው ለባኽ ሥራዎች ሰጠች። ዩጂን ሊስት በ1945 የወታደር ልብስ ለብሶ ፖትስዳም ጉባኤ ላይ ለትሩማን፣ ለቸርችልና ለስታሊን ተጫወተ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ብዙዎቹ ተማሪዎቿ የሚበሉት እንኳ የሚቸግራቸው ልጆች ነበሩ። ለኮንሰርት የሚለበሰውን ልብስ ከራሷ ኪስ ትገዛላቸው፣ ወኪሎችንና የሸክላ አሳታሚዎችን «ይህን ልጅ ስሙት» እያለች ትጨቀጭቅላቸው ነበር። በግንቦት 1948 ያረፈችው በዕለቱ ትምህርት ስትሰጥ ውላ ማታ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስነግርሽ «አስተማሪ ሁኚ» እያልኩሽ አይደለም። ልጅ ሲሳሳት የሚያናድድሽ፣ አንዱን መስመር አሥር ጊዜ መስማት የሚሰለችሽ ከሆነ አትግቢበት፤ ልጆቹም አንቺም ትጎዳላችሁ። ግን ሳትሞክሪ ልታውቂ አትችዪም። የምመክርሽ ይህን ነው፦ በዚህ ሴሚስተር ሁለት ተማሪ ያዢ፤ አንዱ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ፣ ሌላው ትልቅ ሰው ይሁን። መምህርሽ እየገቡ እንዲያዩሽ ለምኛቸው። ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በኋላ ምን እንዳስቸገረሽ ጻፊ። ልጁ ጣቱን ዘርግቶ ቁልፉን ሲመታ ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ ማወቅ ካማረሽ፣ ሙያው ውስጥ ያለሽ ቦታ እሱ ነው።

ስለ እንጀራውም እናውራ። በቤት ማስተማር ጥሩ ተጫዋች በመሆን ብቻ አይቆምም፤ ደንብ ይፈልጋል። ክፍያውን በክፍለ ጊዜ ሳይሆን በወር አድርጊው፤ በክፍለ ጊዜ ካደረግሽው ልጅ ጉንፋን በያዘው ቁጥር የቤት ኪራይሽ ይጎድላል። የቀረ ትምህርት መቼ እንደሚተካና መቼ እንደማይተካ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ወላጅ አስፈርሚ። በሰኔ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተማሪ ይበተናል፤ ለእረፍቱ ወራት ከወዲሁ አስቢበት። የእኛ ሰው ደግሞ «ለዘመድ ስንት ነው?» ማለቱ አይቀርም። ፈገግ ብለሽ የተጻፈውን ዋጋ ስጪው። የእኅትማማች ወይም የወንድማማች ቅናሽ ካደረግሽም ለሁሉም እኩል ይሁን፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ወሬ ፈጣን ነው።

በሕዝብ ትምህርት ቤት ማስተማር ከፈለግሽ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ የክልሉን የመምህርነት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ያም አብዛኛውን ጊዜ የሙዚቃ ትምህርት ዲግሪንና የተግባር ልምምድን ይጨምራል። መምህርሽ ያሉት የፒያኖ ማስተማር ዘርፍ ይህን ፈቃድ በራሱ አይሰጥም፤ ሁለቱን አታደባልቂ። ለግል አስተማሪዎች ደግሞ የሙዚቃ አስተማሪዎች ብሔራዊ ማኅበር የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ አለ። ግዴታ አይደለም፤ ግን አዲስ ወላጅ ሲያይሽ ይጠቅማል፣ በየአካባቢው ያለው የማኅበሩ ቅርንጫፍም ተማሪ የሚላክበት መንገድ ነው።

እናትሽ አይሳሳቱም፤ የሚፈሩልሽ ነገር እውነት ነው። ክርክር አይመልሳቸውም። አንድ ወረቀት ላይ ስንት ተማሪ ቢኖርሽ፣ በወር ስንት ቢከፍሉ፣ ከዚያ ግብርና የጤና ኢንሹራንስ ሲቀነስ ምን እንደሚቀር ጽፈሽ አሳዪያቸው። ቁጥሩ ለኑሮ የማይበቃ ከሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ያን ጊዜ የትርፍ ሰዓት ሥራ ወይም የመዘምራን አጃቢነት የት እንደሚጨመር አብራችሁ ታስባላችሁ። ነርሲንጉን እናትሽን ለማስደሰት ብለሽ ብቻ አትግቢበት፤ ያ ሥራ ራሱ ልብ የሚጠይቅ ነው።

መድረኩንም ጨርሰሽ አትዝጊው። እጅሽ ከዳነ የቻምበር ሙዚቃ፣ ማለትም ከጥቂት ተጫዋቾች ጋር መጫወት፣ እና አጃቢነት ከብቸኛ ኮንሰርት ይልቅ ለእጅ ሊራሩ ይችላሉ፤ የማስተማር ዘርፍ ውስጥ ሆነሽም ሁለቱን መያዝ ትችያለሽ።

ለመምህርሽ ስትጽፊ አንድ ነገር አስቀድመሽ ጠይቂ፦ የፒያኖ ማስተማር ኮርሱ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥ። በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ የዘንድሮው ምዝገባ ካለፈሽ ምርቃትሽ አንድ ዓመት ሊገፋ ይችላል።