ስቴም ሴል ካስወረደች ሴት ነው እንዴ የሚወሰደው?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምፅፈው። የወንድሜ ልጅ ከትንሽነቷ ጀምሮ ኢንሱሊን ትወጋለች። ባለፈው በርጫ ላይ ስቴም ሴል ስኳርን ያድናል የሚል ወሬ ተነሳና አንዱ ጎረቤታችን ካስወረዱ ሴቶች ፅንስ ነው የሚያወጡት፣ ሀራም ነው ብሎ ዘጋው። እውነት ነው? ላብራቶሪ ውስጥ እንዴት ነው የሚሰሩት? ስቴም ሴል ተብሎ የሚሸጥ ካፕሱልስ ልግዛላት?

መልስ፦ አቦ እንኳን ጠየቅክ፣ ይሄ ነገር ሰው መሀል በጣም ተምታቷል። ስቴም ሴል ማለት ገና ስራው ያልተለየ፣ ወደ ሌላ አይነት ሴል መቀየር የሚችል ሴል ነው። ኢምብሪዮኒክ (የፅንስ) የሚባለው ስቴም ሴል የሚወጣው ጭራሽ ማህፀን ገብቶ ከማያውቅ ፅንስ ነው። ልጅ እምቢ ያላቸው ባልና ሚስት ክሊኒክ ሄደው እንቁላልና የወንድ ዘር ላብራቶሪ ውስጥ ሲዋሀድላቸው ብዙ ጊዜ ትርፍ ፅንስ ይገኛል፣ የተረፈው ለምርምር ይሁን ብለው ከፈረሙ ሳይንቲስቶቹ ከሱ ይጀምራሉ። በ5ኛው ቀን አካባቢ 100 ምናምን ሴል ያለው፣ ውስጡ ፈሳሽ የያዘ፣ ከነጥብ የማይበልጥ ድቡልቡል ነው፣ ልብም ነርቭም ገና የለውም። የውጪው ሽፋን ወደፊት የእንግዴ ልጅ የሚሆነው ነው፣ ውስጥ አንድ ጥግ የተሰበሰቡት ሴሎች ግን መላ ሰውነትን የሚሰሩት ናቸው፣ እነሱን ለይተው አውጥተው ዲሽ (የላብራቶሪ ዝርግ ሳህን) ላይ ያሳድጓቸዋል።

ከባዱ ስራ ከዛ በኋላ ነው። 37 ዲግሪ ኢንኩቤተር (ሙቀቱን የሚጠብቅ ሳጥን) ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ከስራቸው መራባት እንዲያቆሙ የተደረጉ የአይጥ ሴሎች ተነጥፈውላቸው፣ ምግባቸው ቶሎ ቶሎ እየተቀየረ ነው የሚያድጉት፣ ዲሹን ሲሞሉት ደሞ ልክ ለሚቀጥለው ሊጥ እርሾ እንደሚቀረው ትንሽ ትንሽ ወደ አዲስ ዲሽ ካልተዛወሩ በራሳቸው ጊዜ ወደ ነርቭ ወደ ልብ ጡንቻ መቀየር ይጀምራሉ። የአይጡ በፈረንጆቹ በ1981 ነው የተሳካው፣ የሰውን በ1998 ጄምስ ቶምሰን አሜሪካ ዊስኮንሲን እስኪያወጣ ድረስ 17 አመት ፈጀ።

ሴሎቹ ሲወጡ ያ ፅንስ አይተርፍም፣ ስለዚ የጎረቤትህ ጭንቀት ቦታ አለው፣ ሼኮቹንም ቄሶቹንም ስትጠይቁ ግን እውነተኛውን ታሪክ ይዛችሁ ጠይቁ። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ በ2006 በአይጥ በ2007 በሰው 4 ጂን (ሴል ውስጥ ያለ የዘር መመሪያ) ብቻ ጨምሮ ተራ የቆዳ ሴልን ወደዚሁ አይነት ሴል መልሶታል፣ ያለ ፅንስ ማለት ነው፣ በ2012 ኖቤል የተሸለመው በዚህ ነው።

ወደ ልጅቷ ስንመጣ፣ ከስቴም ሴል የተሰራ ኢንሱሊን አመንጪ ሴል ተሰጥቷቸው መርፌ ያቆሙ ሰዎች አሉ፣ ግን ገና ሙከራ ላይ ነው፣ ሰውነት እንዳይጥለውም የበሽታ መከላከያን የሚያዳክም ከባድ መድሀኒት ይፈልጋል። በካፕሱል የሚመጣ ህይወት ያለው ሴል የለም፣ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ቀርቶ ከኢንኩቤተር ሲወጣ እንኳን ብዙ አይቆይም፣ እባክህ እንዳትገዛ። ኢንሱሊኗን አንድ ቀን እንኳን እንዳታቋርጥ፣ በድሬ ሙቀት ደሞ ፍሪጅ ከሌላችሁ ውሀ ባለው የሸክላ ማሰሮ ውስጥ በላስቲክ በደንብ ጠቅልላችሁ ጥላ ቦታ አስቀምጡላት።