«እከኩ ምስጢሬን የሚያወጣብኝ መሰለኝ»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ጅማ ነው፤ ሥራዬ ቡና ለቀማ። ኤችአይቪ በደሜ ውስጥ እንዳለ ካወቅሁ 6 ዓመት ሆነኝ። መድኃኒቴን አቋርጬ አላውቅም። አብረውኝ የሚኖሩት እህቴና ልጆቿ ግን አያውቁም።

ከ2 ወር ወዲህ ሌሊት ሌሊት እያሳከከኝ እንቅልፍ አጣሁ። በጣቶቼ መሃል ሽፍታ ወጥቷል። ለቀማ ላይ ጓደኛዬ «እጅሽ ምን ሆነ?» ስትለኝ ጣቴን ቡናው ውስጥ ቀበርኩት። ቢቢኤል የሚባለውን የቆዳ ቅባት ገዝቼ የሚያሳክከኝን ቦታ በድብቅ ተቀባሁ። ተሻለኝና ተመለሰ። አሁን የእህቴ ትንሹ ልጅም ያካል። መድኃኒቴ መሥራት አቁሞ ይሆን? ለእህቴስ ምን ልበላት?

ቡና ለቃሚዋ

እህት ዓለም፣ ቡናው ውስጥ የቀበርሻት ጣት ከዓይኔ አልጠፋችም።

የነገርሽኝ እከክ ይመስላል። እከክ ኤችአይቪ ያለበት የሌለበት ብሎ አይመርጥም። ቆዳ ከቆዳ ሲነካካ፣ አንድ አልጋ ላይ ሲተኛ ይተላለፋል። ስለዚህ እሱ ብቻውን «መድኃኒትሽ ከሽፏል» አያሰኝም።

የተመለሰብሽ ብቻሽን ስለታከምሽ ይመስለኛል። የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ያላሳከከውም ጭምር፣ በአንድ ቀን መታከም አለበት። መጀመሪያ ሲይዝ ማሳከኩ እስኪጀምር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላላ! ቅባቱም ከአንገት በታች ገላን በሙሉ ነው፤ የጣት መሃል፣ ጥፍር ሥር፣ ብልት አካባቢ ሳይቀር። ለልጁ ግን ያንቺን ቢቢኤል እንዳትቀቢው፣ ያቃጥለዋል። ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ለዕድሜው የሚሆነውን ይሰጡታል።

አንሶላና ልብስ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። የጅማ ዝናብ አላደርቅ ካለ ካውያ አለ። የማይታጠበውን በፌስታል ቋጥረሽ 4 ቀን አቆዪው፤ እከኩን የሚያመጣው ጥቃቅን ተባይ ከሰው ገላ ከወጣ ከ3 ቀን በላይ እምብዛም አይኖርም። ከታከማችሁ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ሊያሳክክ ይችላል። «አልዳንኩም» ብለሽ በየቀኑ አትለቅለቂው።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላኛው ዓይነት ነው። የሰውነት መከላከያ በጣም ሲዳከም እከኩ እንደ ቅርፊት ይወፍራል፣ ማሳከኩ ግን ሊቀንስ ይችላል። በተለመደው እከክ አንድ ሰው ላይ ከ10 እስከ 15 ተባይ ቢኖር ነው፤ በዚህኛው ሺዎች፣ አንዳንዴም ሚሊዮኖች። ቅባት ብቻውን አይበቃውም፣ አይቨርሜክቲን ክኒን ይጨመርበታል። ኦንኮ ለሚባለው የዓይንና የቆዳ በሽታ በየገጠሩ ሲታደል የኖረው ያው ክኒን ነው። ክርንሽ ወይ መዳፍሽ ላይ እንዲህ ያለ ቅርፊት ካየሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ የቫይረስ መጠንሽም ይለካ።

ለእህትሽ «እከክ ገብቶብናል፣ ሁላችንም እንታከም» በያት። ይኸው ነው። ስለ ደምሽ የሚያናግር ነገር የለውም፤ እሱን ሲሆንልሽ ትነግሪያታለሽ። ለሐኪሙ ግን ለብቻችሁ ስትሆኑ የምትወስጂውን መድኃኒት ንገሪው።

ሥራ የሌለሽን ቀን ምረጪ፤ የሚታጠበው አንሶላ ብዙ ነው።