ብሊዛርድ በዳኮታ ትንንሽ ከተሞች፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የምኖረው አሜሪካ፣ ደቡብ ዳኮታ ውስጥ፣ ከሱ ፎልስ ከተማ ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። በብሊዛርድ፣ ማለትም ዓይን በሚጋርድ የበረዶ ውሽንፍር፣ መንገድ ተዘጋብን ካልኳችሁ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። ደጋግማችሁ ያነሳችሁትን እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በረዶ ብዙ ከጣለ ብሊዛርድ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ዋናው ነፋሱ ነው። የአሜሪካ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ብሊዛርድ የሚለው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ ነፋሱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፣ የሚነዳው በረዶ ከ400 ሜትር በላይ አላሳይ ሲል፣ ይህም ቢያንስ 3 ሰዓት ሲቆይ። እንዲያውም አንዲት ቅንጣት ሳትወርድ ብሊዛርድ ሊነሳ ይችላል። ነፋሱ የትናንቱን በረዶ ከመሬት አፍሶ ያነሳዋል። ቀና ስትል ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፊት ለፊትህ ያለው መኪና ግን አይታይህም። አገሩ በአብዛኛው ሜዳ ነው፤ ነፋሱን የሚመክት ተራራ ብዙም የለም። በእርሻ ቤቶች ዙሪያ በረድፍ የተተከለ ዛፍ የምታዩትም ለዚህ ነው።

በታሪክ ከባዱ የቱ ነው?

እስካሁን የሚወራው ጃንዋሪ 12 ቀን 1888 የተነሳው ነው። ጠዋቱ ለወቅቱ ሞቅ ያለ ነበር። ልጆች ካፖርት ሳይደርቡ ተማሪ ቤት ሄዱ፣ ገበሬው ከብቱን አሰማራ። ከዚያ ድንገት ከሰሜን ምዕራብ መጣ። ብዙ ቦታ ላይ ልጆች ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ያዛቸው። የሞተው ሰው 235 ያህል እንደሆነ ይገመታል። ዛሬም “የልጆቹ ብሊዛርድ” ይባላል። ሌላው በማርች 1966 ሰሜን ዳኮታን የመታው ነው። ያኔ ጄምስታውን አካባቢ የተነሳ ፎቶ አለ፤ በረዶ ላይ የቆመ ሰው ሽቦ ከተሸከመው ምሰሶ ጫፍ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው።

ልጆች ትምህርት ቤት እያሉ ቢነሳስ? (አንዲት እናት፣ ከሚኒያፖሊስ)

እህቴ፣ እኔ በጣም የምወደው አሠራር አለ። ከእርሻ ቤቶች በአውቶቡስ ለሚመጡ ልጆች፣ በሰሜን ዳኮታና በሚኒሶታ ገጠሮች ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ገና በመስከረም ከተማው ውስጥ አንድ ቤተሰብ ይመድቡላቸዋል። “የማዕበል ቤት” ይሉታል። አውቶቡሱ መሄድ ካልቻለ ልጁ በእግሩ እዚያ ይሄዳል፤ እራቱን በልቶ ያድራል። ወላጅ የት እንዳለ አስቀድሞ ያውቃል። አሁን ትንበያው ስለተሻሻለ ቀድመው ስለሚዘጉ ልጆቹ እዚያ የሚያድሩበት ቀን ጥቂት ነው። ልማዱን ግን የያዙ አሉ።

ልጄ ሰሜን ዳኮታ ሥራ አግኝታ ሄደች። ምን ብዬ ልምከራት? (አንዲት እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

እማማ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ብርድ አታውቅም አይባልም። የዚህኛው ግን ሌላ ነው። ከነፋሱ ጋር ሲደመር ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሲሆን፣ የተገለጠ ቆዳ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሊሞት ይችላል።

አንድ ነገር ግን ያስምሉልኝ፦ መብራት ጠፋ ብላ ቤት ውስጥ ከሰል እንዳታቀጣጥል። ለቡናም ቢሆን። የዚህ አገር ቤት ብርድ እንዳያስገባ ተጠርቅሞ የተሠራ ነው። የከሰሉ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው እንቅልፍ የመጣው መስሎት ያሸልባል። ጄኔሬተርም እንደዚያው ነው። ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ራቅ ተደርጎ ይቀመጥ እንጂ ጋራዥ ውስጥ አይነሳም። ሌላም አለ። የቤት ማሞቂያው ጭስ የሚወጣበት ቱቦ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ጎን ዝቅ ብሎ ነው ያለው፤ በረዶ ከደፈነው ያው መርዝ ወደ ቤት ይመለሳል። ነፋሱ ጋብ ሲል እየወጣች ትጥረገው። ጋዙን የሚያሳውቀው ደወል በባትሪ የሚሠራ ይሁን።

ከቻሉ ደግሞ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ይላኩላት። ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነው፤ መብራት ሲጠፋ እንጀራ የለም። በሶ ግን እሳት አይፈልግም።

ትራክ ነው የምነዳው። ኢንተርስቴት 90 ላይ ቢይዘኝስ?

መጀመሪያ፣ እንዳይይዝህ። እዚህ ኢንተርስቴቱ፣ ማለትም ስቴቶችን የሚያገናኘው አውራ ጎዳና፣ እንደ ባቡር ማቋረጫ የሚወርድ በር አለው። “መንገድ ዝግ ነው” ተብሎ ከወረደ ዞረህ ማለፍ ቅጣት አለው፤ ከሁሉ በላይ ግን ሊያወጣህ የሚመጣ የለም። በረዶ ጠራጊዎቹ ራሳቸው ሥራ ያቆማሉ። ዲስፓቸር (ጭነት የሚያሰማራህ ሰው) ስለጮኸብህ አትሂድ።

ከያዘህ ከመኪናው አትውረድ። ሰው የሚሞተው ብዙውን ጊዜ “መብራት አይቻለሁ፣ ቅርብ ነው” ብሎ ሲወጣ ነው። የጭስ ማውጫውን ከበረዶ አጽዳ፣ ሞተሩን በሰዓት 10 ደቂቃ ያህል አስነሳ፣ ነፋስ በማይመታው በኩል መስኮት ትንሽ ክፈት። ናፍጣው እንዳይረጋ የሚጨመረውን ፈሳሽ ደግሞ ብርዱ ሳይመጣ ጨምር። ከረጋ በኋላ ብትጨምረው ዋጋ የለውም።

ከብቶቹ እንዴት ይሆናሉ?

በደህናው ጊዜ ይችሉታል። ጸጉራቸው ይወፍራል፣ ከነፋስ መከለያ ኋላ ተጠጋግተው ይቆማሉ። የ2013ቱ ብሊዛርድ ግን ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ መጣ። ከብቱ ገና በጋ ግጦሽ ላይ ነው፣ የክረምት ጸጉሩን አላበቀለም። መጀመሪያ በዝናብ በሰበሰ፣ ከዚያ በረዶና ነፋስ ተከተለ። ሊድ የምትባለው ከተማ 140 ሴንቲ ሜትር ያህል ጣለባት። በምዕራብ ደቡብ ዳኮታ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ከብት አለቀ። ከገበሬ ቤት የወጣ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ሆዱ ይንቦጫቦጫል።

የባሰው ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ በበጀት ጠብ ሥራ ያቆመበት ሳምንት መሆኑ ነው። ገበሬው ስልክ ቢደውል የሚያነሳ የለም። የደረሱት ሌሎች አርቢዎች ናቸው፤ ከሌላ ስቴት ሳይቀር ያረገዘች ጊደር እየጫኑ መጥተው ሰጡ።

ትንሽ ከተማ ይሻላል ወይስ ትልቅ?

ለእኔ ትንሿ። ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን በኦክስጅን ማሽን እንደሚተነፍስ ሰው ያውቃል። ጎረቤት ሳትጠይቀው በትራክተር ደጅህን ይጠርጋል።

ግን ይህን እያነሱ “ማኅበረሰቡ ጠንካራ ነው” ብቻ የሚሉ ያናድዱኛል። በዲሴምበር 2022 ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የላኮታ ሕዝብ በሚኖርባቸው በፓይን ሪጅና በሮዝበድ የሆነውን ተመልከቱ። መንገዱ ለቀናት ተዘጋ፣ ማገዶና ጋዝ አለቀ። ለመሞቅ ልብሳቸውን ያነደዱ ነበሩ። መተሳሰብ እነሱ ጋ ሞልቷል። የጎደለው ብርዱ ሳይገባ የማሞቂያ ጋዝ ታንከሩን የሚሞሉበት ገንዘብና በረዶ የሚጠርግ በቂ መኪና ነው። ብሔራዊ ዘቡ ማገዶ ጭኖ የሄደው በኋላ ነው።

ገናን ታከብራላችሁ?

ጃንዋሪ 7 የብርዱ እምብርት ነው። መንገድ ክፍት ከሆነ ሱ ፎልስ ሄደን እናስቀድሳለን። ካልሆነ በስልክ እናዳምጣለን።

እዚያ ቤት ልገዛ ነው። ምን ልጠይቅ?

ሦስት ነገር። የማሞቂያ ጋዝ ታንከሩ ስንት ይይዛል? በመስከረም ሙላው፤ በጃንዋሪ ዋጋውም ሊንር፣ መኪናውም ላይደርስህ ይችላል። መንገዱን የሚጠርገው ማን ነው? ዋናው መንገድ ካልተጠረገ የገጠሩ ተራ አይደርሰውም። መኪና ማቆሚያው አጠገብስ ሶኬት አለ? እዚህ ማታ ማታ የሞተሩን ማሞቂያ በገመድ ሰክተህ ነው የምታሳድረው፤ አለዚያ ጠዋት አይነሳልህም።