ያልተነበበው ቁጥር ዕዳ አይደለም

ልጆቼ፣ ስልካችሁን ጣሉት የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቁ። ዕድሜዬን በአርታኢነት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከወሬ ጋር ጠብ የለኝም። ግን ገና ከአልጋ ሳትወርዱ አንዱን ዜና በአምስት የቴሌግራም ቻናል ኮፒ ፔስት ሆኖ ስታነቡት ሳይ፣ ለእናንተ እኔ ይደክመኛል።

እስቲ ፊድ ሪደር የሚባለውን መተግበሪያ ሞክሩ። ብዙ ድረ ገጾች አዲስ ጽሑፍ ባወጡ ቁጥር አርኤስኤስ ወይም ፊድ በሚባል ፋይል ይመዘግቡታል። ሪደሩ የመረጣችኋቸውን ፋይሎች እየዞረ ያያል፤ አዲሱን ለቅሞ አንድ ቦታ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድርላችኋል። የማንን ጽሑፍ እንደምታዩ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ነገሩ እንደ ፈረንጆቹ ከ1999 ጀምሮ ያለ ነው፤ ፖድካስት እንኳ የሚሰራጨው በዚሁ መንገድ ነው። ጉግል ሪደር በ2013 ሲዘጋ ብዙዎች አበቃለት አሉ። ይኸው አለ። ፊድሊና ኢኖሪደር የሚባሉት ሪደሮች በነጻ ይሞከራሉ። አይፎን ያለው ደግሞ ኔትኒውስዋየርን ምንም ሳይከፍል ያገኛል።

ሪደር ግን ብቻውን ከጎርፉ አያድንም። መጀመሪያ ጉጉት ይይዛችሁና ያገኛችሁትን ምንጭ ሁሉ ትጨምራላችሁ። ሳምንት ሳይሞላ ያልተነበበው ጽሑፍ ቁጥር ሺህ ይገባና ያፈጥባችኋል። ብዙው ሰው ተስፋ ቆርጦ መተግበሪያውን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩን እንደ ዕዳ ለምን ታዩታላችሁ? ማን አበደራችሁ? ሁሉንም እንደተነበበ የሚቆጥር ቁልፍ አለ፤ ያለ ርኅራኄ ተጫኑት። ትልቅ ነገር ካመለጣችሁ ግድ የለም፣ ታክሲ ውስጥ ትሰሙታላችሁ።

ምንጭ ስትመርጡ በቀን ሃምሳ ዜና የሚለቀውን ከሪደራችሁ አውጡት። እሱን ስትፈልጉ ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩት። ሪደር የሚጠቅመው በሁለት ወር አንዴ ብቅ ብሎ፣ አስቦበት የሚጽፈውን ሰው ላለማጣት ነው። በሙያችሁ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ድምፁ ይዋጣል፤ ሪደር ላይ ግን የጻፈ ዕለት ታገኙታላችሁ። የዩቲዩብ ቻናልም ፊድ ስላለው እዚያው መጨመር ይቻላል።

ቴሌግራም ራሱ ፊድ አይሰጥም። ስለዚህ ቻናሎቹን ሚዩት አድርጓቸው። የቤተሰቡን ግሩፕ ግን እንዳትነኩ፤ እናታችሁ አይታችሁ ዝም ያላችሁ ይመስላታል።